የባሕር ዛጎል ለመስበር ስንት ጁል ያስፈልጋል? በቤት መሣሪያ የመለኪያ ዝርዝር መመሪያ

ዛጎልን ድንጋይ ላይ ጥሎ መስበር ለማንም አይከብድም። የሰበረውን ኢነርጂ በቁጥር መናገር ግን ብዙዎችን ያሳስታል። ስሕተቱ ከሒሳቡ አይመጣም፤ ሒሳቡ የመለስተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። አንዱ ያንኑ ዛጎል እስኪሰበር ደጋግሞ ይመታና የመጨረሻውን ከፍታ ብቻ ይጽፋል። ሌላው የሚዛን ኪሎ አንብቦ «ኢነርጂው ይህ ነው» ይላል። ሦስተኛው ፀሐይ ያነጣውን፣ ቀዳዳ ያለውንና ትናንት የተለቀመውን ደባልቆ ይሰብርና ውጤቱ ለምን እንደሚዘልል ይገረማል። እነዚህን ሁሉ የሚያስቀረው ዝግጅት ስለሆነ፣ ከጊዜያችሁ ግማሹን ዛጎል ከመስበራችሁ በፊት ለሚመጡት ደረጃዎች መድቡ።

በዚህ መመሪያ ጉልበት የሚለካው በኒውተን፣ ኢነርጂ ደግሞ በጁል ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

## ደረጃ 1፦ ሁለት ነገር በጽሑፍ ወስኑ

«ተሰበረ» ማለት ምን ማለት ነው? ስንጥቅ መታየቱ ነው? ቢያንስ ሁለት ቦታ መለያየቱ ነው? ወይስ መድቀቁ? ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ክርክር አያስነሣም። ዛጎሉን በሁለት ጣት ስታነሡት አንድ ሆኖ ከተነሣ አልተሰበረም፤ ከፊሉ ከቀረ ተሰብሯል። ከጫፉ የረገፈች ቅንጣት አትቆጠርም። ይህን በሥራው መሐል መለወጥ አይፈቀድም። ከለወጣችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ዛጎሉ እንዴት ይቀመጣል? ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል አንዱ ክዳን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ተደፍቶ ሲቀመጥ ምቱ ወደ ዙሪያው ይከፋፈላል። ሲገለበጥ ግን አንዲት ነጥብ ብቻ ታች ስለምትነካ ይወዛወዛል፤ ምቱም በዚያች ነጥብ በኩል ያልፋል። የሁለቱ ውጤት አይወዳደርም። ጠመዝማዛ ዛጎል ከሆነ አፉን ወደ ታች አድርጉ። የመረጣችሁትን ንድፍ በእጃችሁ ሥሉና ከሥራ ቦታው ፊት ለፊት ለጥፉት።

## ደረጃ 2፦ ዛጎሎቹን አዘጋጁ

### ከየት ይገኛሉ?

ቢያንስ 40 ያስፈልጓችኋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነትና ተቀራራቢ መጠን ይሁኑ። አሥሩ ለቅድመ ሙከራ፣ ሃያው ለዋናው ሥራ፣ የቀሩት በዝግታ ለሚጫኑትና ለመጠባበቂያ ናቸው።

ባሕር ዳር የምትኖሩ ማዕበል የተፋውን ባዶ ዛጎል ብቻ ልቀሙ። በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ በብዛት የሚገኘው ግሊሲሜሪስ የተባለ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል፣ ወፍራምና ክብ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ከተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ፣ ለምሳሌ ከኤይላት የኮራል ጥብቅ ሥፍራ፣ ምንም አታንሡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከኤይላት እስከ ጅዳ፣ ሾጣጣ ቅርጽ ያለውና ጥለቱ የሚያምር ዛጎል ስታዩ በባዶ እጅ አታንሡት። ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ በሕይወት ካለ ይወጋል፤ የአንዳንዱ ዝርያ መርዝ ሰው ይገድላል። የካሪቢያኑን ትልቁን ኮንክ (ጠመዝማዛ ዛጎል) እና ግዙፉን ክላም (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል) ከአገር ወደ አገር ማጓጓዝ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚገዛው በዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ በሻንጣ ይዛችሁ አትጓዙ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ለጌጥ የሚሸጠውን ዛጎል ከገበያ መግዛት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ገልብጣችሁ እዩት። በክር ለመሰካት ሲባል ጀርባው የተቆረጠው ብዙ ነው፤ እርሱ ለመለኪያ አይሆንም። ያልተቆረጠውን መርጣችሁ ውሰዱ። የሐይቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊትም ለልምምድ ይሆናል፤ ግን ደረቅ ዳርቻ ላይ የወደቀውን ብቻ ልቀሙ። ቢልሃርዝያ የሚዛመተው በጨው አልባ ውኃ ቀንድ አውጣዎች በኩል ስለሆነ እነርሱን ለመፈለግ ውኃ ውስጥ አትግቡ።

እጃችሁን ለማፍታታት የእንቁላል ቅርፊት ግማሽ ተጠቀሙ። እርሱም እንደ ዛጎሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ውፍረቱ ግን ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ውጤቱን ለዛጎል አትጠቀሙበት።

### ምርመራ

እያንዳንዱን ዛጎል በዚህ ቅደም ተከተል አሳልፉ፦

1. በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ። በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ የማዕድኑን ንብርብሮች ያያያዘውን ፕሮቲን ይበላዋል። ኮምጣጤም አይነካው፤ ማዕድኑን ራሱን ያሟሟዋል። አትቀቅሉት፤ ምድጃ ውስጥም አታድርቁት።
2. ከስልካችሁ መብራት ፊት ያዙትና ስንጥቅ ፈልጉ። ስንጥቅ ብርሃኑን እንደ ክር ያቋርጠዋል።
3. በጥፍር አንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል።
4. ቀዳዳ ፈልጉ። በመሰርሰሪያ የተበሳ የሚመስል አንድ ክብ ቀዳዳ ካለ አዳኝ ቀንድ አውጣ ሰርስሮታል። ወንፊት የመሰሉ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ ደግሞ ሰርሳሪ ስፖንጅ የተባለ የባሕር እንስሳ ኖሮበታል። ሁለቱንም አስወግዱ።
5. በወርቅ ሚዛን መዝኑ፤ በካሊፐር ርዝመቱን፣ ቁመቱንና የከንፈሩን ውፍረት ለኩ። ክብደቱ ከቡድኑ አማካይ ከአንድ አምስተኛ በላይ የራቀውን አውጡ።
6. ቁጥር በእርሳስ ጻፉበት።

### እርጥብ ወይስ ደረቅ?

ይህ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነጥብ ነው። ዛጎል ሙሉ በሙሉ ድንጋይ አይደለም፤ ከክብደቱ ጥቂት በመቶው ፕሮቲንና ሌላ ኦርጋኒክ ነገር ነው። ይህ ነገር ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ስንጥቁ በቀላሉ እንዳያልፍም ይይዘዋል። በተለይ ሰደፍ (የሚያብረቀርቅ የውስጥ ንብርብር) ያለው ዛጎል እርጥብ ሲሆን ለመስበር የበለጠ ያስቸግራል። ስለዚህ ወይ ሁሉንም አንድ ቀንና ሌሊት ውኃ ውስጥ አቆይታችሁ እንዳወጣችሁ ስበሩ፤ ወይ ሁሉንም በጥላ ለአንድ ሳምንት አድርቁ። ግማሹን እንዲህ ግማሹን እንዲያ አታድርጉ። ምርጫውን ለእኔ ከተዋችሁት እርጥቡን እላለሁ፤ አቧራውን ይቀንሳል፣ ዛጎሉም ባሕር ውስጥ ለነበረው ሁኔታ ይቀርባል።

## ደረጃ 3፦ የመጣያ መሣሪያውን ሥሩ

ሐሳቡ ቀላል ነው። ክብደቱ የታወቀ ብረት ከታወቀ ከፍታ ይወድቃል፦

ኢነርጂ (ጁል) = ክብደት (ኪሎግራም) × 9.8 × ከፍታ (ሜትር)

አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነ የመሬት ስበት ከ9.8 በጥቂቱ ያንሳል፤ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ በታች በመሆኑ አትጨነቁበት። የሚያስጨንቁ ሌሎች ነገሮች አሉ።

1. መምቻ። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር የሆነ ለስላሳ የብረት ዘንግ 8 ሴንቲሜትር አስቆርጡ። ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ይሆናል፤ እናንተ ግን መዝናችሁ ትክክለኛውን ጻፉ። የግንባታ ፌሮ አይሆንም፤ ሸንተረሩ ቱቦውን ይፍቃል። የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ አለስልሱ።
2. መምሪያ ቱቦ። የውስጥ ዲያሜትሩ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የፕላስቲክ ቱቦ። በየ10 ሴንቲሜትሩ ሚስማር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ብሱ። ዘንጉ በሚስማሩ ላይ ያርፋል፤ ሚስማሩን ስትስቡ ይወድቃል። በገመድ ይዛችሁ አትልቀቁት፤ ገመዱ ይጎትተዋል።
3. የአየር ማምለጫ። በቱቦው ጎን ላይ ተጨማሪ ቀዳዳዎች ብሱ። ካልበሳችሁ ዘንጉ አየሩን እያመቀ ይወርድና ይዘገያል።
4. መሠረት። ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ውፍረትና 4 ኪሎ ክብደት ያለው የብረት ሰሌዳ በሲሚንቶ ወለል ላይ። የሚወዛወዝ ከሆነ ከሥሩ ጄሶ አፍስሳችሁ አስተኙት። ጠረጴዛ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ጣውላ ላይ አትሥሩ፤ ምቱን ይጠጡታል።
5. ማቆም። ቱቦውን በቱንቢ አቅኑና ከግድግዳ ጋር እሰሩ። ታችኛው አፉ ከዛጎሉ ጫፍ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል።

ከፍታው የሚለካው ከዘንጉ የታችኛው ጫፍ እስከ ዛጎሉ አናት ነው። እስከ ወለሉ አይደለም። የዛጎሉ ቁመት 2.5 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ 10 ሴንቲሜትር ያላችሁት በእውነቱ 7.5 ነው፤ አንድ አራተኛው ጠፋ ማለት ነው።

ለደኅንነት፦ መነጽር ሳታደርጉ ሚስማር አትሳቡ። ዛጎሉን ከላዩ ክፍት በሆነ የካርቶን ሳጥን ክበቡት፤ ስብርባሪው እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አቧራ ካለ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ። ልጆች ካሉ ሚስማሩን የሚስብ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሌላ ሰው እጅ ሰሌዳው ላይ እያለ ማንም ሚስማር አይንካ።

## ደረጃ 4፦ መሣሪያው ስንቱን እንደሚሰርቅ እወቁ

ቱቦው ዘንጉን ይፈገፍገዋል። ስለዚህ ዘንጉ ዛጎሉ ጋ ሲደርስ የያዘው ኢነርጂ በቀመሩ ካገኛችሁት ያንሳል። የስልክ ካሜራ ይህን ይነግራችኋል።

1. ዛጎል ሳታስቀምጡ፣ ሰሌዳው ላይ የቆየ ጨርቅ አድርጉ።
2. ዘንጉን ልክ ከ1 ሜትር ልቀቁና በሴኮንድ 240 ምስል በሚያነሣ ዘገምተኛ ቪዲዮ ቅረጹ።
3. ሚስማሩ ከወጣበት እስከ ምቱ ድረስ ያሉትን ምስሎች ቁጠሩ።

ያለ ምንም መፈግፈግ ከ1 ሜትር የሚወድቅ ነገር 0.45 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ 108 ምስል መሆኑ ነው። እናንተ 115 ከቆጠራችሁ 108ን ለ115 አካፍሉና ውጤቱን በራሱ አባዙ፤ 0.88 ይመጣል። መሣሪያችሁ 12 በመቶውን ይሰርቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ የምታገኙትን ኢነርጂ ሁሉ በ0.88 ታባዛላችሁ። ከ0.8 በታች ከመጣ ግን ማባዛቱን ተዉትና ቱቦውን አስተካክሉ። ወይ ጠማማ ነው፣ ወይ አየሩ አያመልጥም።

## ደረጃ 5፦ ከየት እንደምትጀምሩ ገምቱ

በግምት ካልጀመራችሁ ዛጎል ታባክናላችሁ። ስንጥቅ አዲስ ገጽ ለመክፈት በስፋቱ ልክ ኢነርጂ ይበላል። ሰደፍ በአንድ ካሬ ሜትር ስንጥቅ በ1,000 ጁል ዙሪያ ይጠይቃል። የትልቁ ኮንክ ዛጎል፣ ንብርብሮቹ እየተጠላለፉ ስለተሠሩ፣ እስከ 13,000 ጁል ሊደርስ ይችላል።

የዛጎላችሁ ውፍረት 2 ሚሊሜትር፣ ስንጥቁ የሚሄድበት ርዝመት 40 ሚሊሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 80 ካሬ ሚሊሜትር፣ ማለትም 0.00008 ካሬ ሜትር ነው። በ1,000 ሲባዛ 0.08 ጁል፣ በ13,000 ሲባዛ 1.04 ጁል ይሰጣል።

ይህ ዝቅተኛው ወሰን ነው። ዘንጉ ይነጥራል፣ ሰሌዳው ይንቀጠቀጣል፣ ስብርባሪው ይበተናል፤ ሁሉም ከዚያው ኢነርጂ ይወስዳሉ። ስለዚህ ከዝቅተኛው ግምት ብዙ እጥፍ ለሚሆን ምት ተዘጋጁ። የ200 ግራሙ ዘንግ ከ10 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ሲወድቅ ከ0.2 እስከ 2 ጁል ገደማ ስለሚሸፍን ለአብዛኛው መካከለኛ ዛጎል ይበቃል።

ግምታችሁ ከእውነታው የራቀ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ማመሳከሪያ አለ። በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ ያሉ ቁራዎች የባሕር ቀንድ አውጣ ይዘው ወደ ላይ ይበሩና ድንጋይ ላይ ይጥሉታል። በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሬቶ ዛክ የተባለው ተመራማሪ ሲከታተላቸው፣ የሚጥሉበት ከፍታ በአማካይ 5 ሜትር ገደማ ሆኖ አገኘው። 9 ግራም የሚመዝን ቀንድ አውጣ ከዚያ ሲወድቅ 0.44 ጁል ይዞ ያርፋል፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ጊዜ መጣል አይበቃውም። ግምታችሁ 50 ጁል ከመጣ የሆነ ቦታ ግራምን እንደ ኪሎ ቆጥራችኋል።

## ደረጃ 6፦ ዋናው ሙከራ

ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ ዛጎል፣ አንድ ምት። ሳይሰበር የቀረው ዛጎል ጤነኛ ቢመስልም ውስጡ ተጎድቷል። ደግማችሁ ብትመቱት ከሚገባው በታች ይሰበራል፤ ቁጥራችሁም ሐሰት ይሆናል። የተረፈውን ለብቻው አኑሩት።

ቅድመ ሙከራ። ከአሥሩ ዛጎሎች አንዱን ከ20፣ ሌላውን ከ40፣ ከ60፣ ከ80 ሴንቲሜትር ምቱ። የሚሰበርበትና የማይሰበርበት የት እንደሚገናኙ ታያላችሁ።

ወደ ላይ ወደ ታች። ከዚያ መገናኛ ጀምራችሁ፦

1. ቁጥሩን በዕጣ ያወጣችሁትን ዛጎል አስቀምጡ። መርጣችሁ አታንሡ፤ ሰው ሳያውቀው ወፍራሙን ያስቀድማል።
2. ከንፈሩን በጥቂት የሸክላ ጭቃ ከጎን ያዙት። ከሥሩ ጭቃ እንዳይገባ፤ ትራስ ይሆነዋል።
3. ሚስማሩን በአንድ ጊዜ ሳቡ።
4. ከተሰበረ የሚቀጥለውን ዛጎል 10 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ምቱ። ካልተሰበረ 10 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉ።
5. ወዲያውኑ ጻፉ፤ ለትዝታ አትተዉት።
6. ሃያ ዛጎል እስኪሞላ ቀጥሉ።

ይህ አካሄድ ጠቃሚ የሚሆነው ዛጎሎቹን በሙሉ በሚያጠራጥረው ከፍታ ዙሪያ ስለሚያውል ነው። ሁሉም በሚሰበሩበት ከፍታ ላይ የሚባክን የለም።

## ደረጃ 7፦ ሒሳቡ

ለማሳያ የተዘጋጀ መዝገብ እነሆ (ሰ፦ ተሰበረ፤ አ፦ አልተሰበረም፤ በሴንቲሜትር)፦

50አ፣ 60ሰ፣ 50አ፣ 60አ፣ 70ሰ፣ 60ሰ፣ 50ሰ፣ 40አ፣ 50አ፣ 60ሰ፣ 50አ፣ 60አ፣ 70ሰ፣ 60ሰ፣ 50አ፣ 60ሰ፣ 50ሰ፣ 40አ፣ 50አ፣ 60ሰ።

አማካዩ። ሃያውን ከፍታ ደምሩ፤ 1,100 ይመጣል። ለ20 አካፍሉ፤ 55 ሴንቲሜትር ነው። ከዛጎሎቹ ግማሾቹ ገደማ የሚሰበሩበት ከፍታ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄዱ፣ አቅጣጫው እስኪዞር ያሉትን ከድምሩ አውጡ።

መበታተኑ። ዛጎሎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማወቅ የተሰበሩትን ብቻ ውሰዱ፤ ከ50 ሁለት፣ ከ60 ስድስት፣ ከ70 ሁለት፣ በድምሩ 10። ለዝቅተኛው ከፍታ 0፣ ለሚቀጥለው 1፣ ለሦስተኛው 2 የሚል ደረጃ ስጡ። ከዚያ፦

- እያንዳንዱን ደረጃ በቁጥሩ አባዝታችሁ ደምሩ፦ 0 + 6 + 4 = 10።
- የደረጃውን ካሬ በቁጥሩ አባዝታችሁ ደምሩ፦ 0 + 6 + 8 = 14።
- ሁለተኛውን ድምር በዛጎሎቹ ቁጥር አባዙ፤ 140። ከዚያ የመጀመሪያውን ድምር ካሬ ቀንሱ፤ 40። ለዛጎሎቹ ቁጥር ካሬ አካፍሉ፤ 0.4።
- 0.029 ጨምሩ፣ በ1.62 አባዙ፣ በእርምጃው (10 ሴንቲሜትር) አባዙ፦ 7 ሴንቲሜትር ገደማ።

ቀመሩ የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ የዲክሰንና የሙድ ነው፤ በ1948 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣ ሲሆን እስከ ዛሬ በምት ሙከራ ይሠራበታል። በሦስተኛው መስመር ያገኛችሁት ከ0.3 በታች ከሆነ ግን አትመኑት፤ እርምጃችሁ ለቡድኑ ሰፊ ነው።

ወደ ጁል። 0.2 × 9.8 × 0.55 = 1.08 ጁል። በመሣሪያው 0.88 ሲባዛ 0.95 ጁል። መበታተኑም በዚያው መንገድ 0.12 ጁል ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች አንድ ቃል ላይ ይሳሳታሉ። 0.95 ጁል ዛጎሉ ላይ የደረሰ ኢነርጂ ነው፤ ዛጎሉ የበላው ከዚያ ያነሰ ነው። ወደበላው ለመቅረብ ቀጣዩ ደረጃ ያስፈልጋል።

## ደረጃ 8፦ በዝግታ መጫን

ክሪክና የሰው ሚዛን የሚሞክሩ አሉ። አልመክርም፤ ብዙው ዲጂታል ሚዛን ቁጥሩ እስኪረጋ ስለሚጠብቅ የመሰበሪያዋን ቅጽበት ያመልጠዋል። ረጅም ጣውላ ይሻላል።

1. ከ1 ሜትር ጥቂት የሚረዝም ወፍራም ጣውላ አንዱን ጫፍ በማጠፊያ ከግድግዳ ወይም ከከባድ ምሰሶ ጋር አያይዙ።
2. ከማጠፊያው 10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ዛጎሉን ከጣውላው ሥር፣ በብረት ሰሌዳው ላይ አስቀምጡ። በዛጎሉና በጣውላው መሐል ትንሽ የብረት ቁራጭ አድርጉ፤ አለዚያ ዛጎሉ እንጨቱን ይወጋዋል።
3. ከማጠፊያው 1 ሜትር ላይ ባዶ ባልዲ አንጠልጥሉ። ከባልዲው ሥር ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ክፍተት ትታችሁ እንጨት ደርድሩ፤ ዛጎሉ ሲሰበር ባልዲው እግራችሁ ላይ አይወርድም።
4. ከጫፉ አጠገብ ማስመሪያ አቁሙ።
5. ውኃ በጆግ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። በየሊትሩ ጫፉ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ጻፉ።
6. ሲሰበር አቁሙና ባልዲውን ከነውኃው መዝኑ። የጣውላውንም ጫፍ በስፕሪንግ ሚዛን አንሥታችሁ ያነበባችሁትን ጨምሩበት።

ርቀቱ አሥር እጥፍ ስለሆነ ዛጎሉ ላይ ያረፈው ጉልበት የዚያ ክብደት አሥር እጥፍ ነው፤ ዛጎሉ ያጎነበሰው ደግሞ ጫፉ ከወረደው አንድ አሥረኛ ነው። ለምሳሌ በድምሩ 9.2 ኪሎ ከሆነ 9.2 × 10 × 9.8፣ 900 ኒውተን ገደማ ይሆናል።

አሁን ዋናው ማረሚያ። ጣውላው ራሱ ይጎብጣል። ዛጎሉን አንሥታችሁ በቦታው ተመሳሳይ ቁመት ያለው ብረት አስቀምጡና ያንኑ 9.2 ኪሎ ጫኑ። ከዛጎሉ ጋር ጫፉ 14 ሚሊሜትር ወርዶ ከነበረና ከብረቱ ጋር 8 ከወረደ፣ የዛጎሉ ድርሻ 6 ብቻ ነው፤ ዛጎሉ ጋ 0.6 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ጉልበቱ ከዜሮ ተነሥቶ እያደገ ስለሄደ ኢነርጂው የግራፉ ሥር ስፋት ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ፦ ግማሽ × 900 × 0.0006 = 0.27 ጁል። ግማሹን የረሳ 0.54 ይላል። የጣውላውን ጉብጠት ያልቀነሰ 0.63 ይላል። ሁለቱንም የረሳ 1.26 ይጽፍና ዛጎሉን ያደንቃል።

መስመሩ ጎባጣ ከሆነ ግራፍ ወረቀት ላይ ሥላችሁ ከሥሩ ያሉትን ሳጥኖች ቁጠሩ። ይህ ዘዴ እስከ መጀመሪያው ስብራት ድረስ ያለውን ብቻ እንደሚለካ አትዘንጉ። ባልዲው ስለማይመለስ፣ ከተሰነጠቀ በኋላም የሚታገል ዛጎል ቀሪ ትግሉ አይመዘገብም።

## አንድ ደረጃ ሲበላሽ

ከ1 ሜትርም አልተሰበረም። ያንኑ ዛጎል አትድገሙ። ዘንጉን በእጥፍ ርዝመት አስቆርጡና በአዲስ ዛጎል ከመካከለኛ ከፍታ ጀምሩ። የቀደመውን መዝገብ ከአዲሱ ጋር አትደባልቁ።

በ10 ሴንቲሜትርም ይሰበራል። ዘንጉ ከብዷል። ቀጭን ዘንግና እርሱን የሚመጥን ቱቦ ያዙ። ከፍታውን ወደ 3 እና 4 ሴንቲሜትር አታውርዱ፤ የመለካት ስሕተቱ ከውጤቱ ጋር ይፎካከራል።

ውጤቱ ከ30 እስከ 90 ይንከራተታል። ዛጎሎቹ የተደባለቁ ናቸው። ክብደትና ውፍረታቸውን ከውጤቱ ጎን ጻፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቡድን ይታያችኋል። ለያይታችሁ እንደገና ሥሩ።

ዘንጉ ከጎን መታው። ምቱ አይቆጠርም፤ ዛጎሉም ይጣላል። ቱቦውን በቱንቢ ፈትሹ።

የተሰነጠቀ ይመስላል፣ ግን አልተለያየም። በደረጃ 1 የጻፋችሁት ይፈርዳል። ስንጥቅን መስፈርት ካደረጋችሁ የቀለም ውኃ ጠብ አድርጉበትና ጥረጉ፤ ስንጥቅ ካለ ቀለሙ መስመር ይዞ ይቀራል።

ዛጎሉን ራሱን መጣል ቀላል መሰላችሁ። ለወፍራም ጠመዝማዛ ዛጎል ይሠራል። ክፍት ክዳን ግን አየር ላይ እየተንሳፈፈ ስለሚገለባበጥ በምን በኩል እንደሚያርፍ አታውቁም፤ ፍጥነቱም ከቀመሩ ያንሳል።

## ውጤቱ እንዴት ይጻፋል?

ቁጥሩን ብቻውን አትልቀቁት። እንዲህ ጻፉ፦ «ግሊሲሜሪስ፣ አንድ ክዳን፣ ክብደት 10 ግራም ገደማ፣ አንድ ቀን የተነከረ፣ ጀርባው ወደ ላይ፣ 20 ሚሊሜትር ዘንግ፣ በብረት ሰሌዳ ላይ። በአንድ ምት ለሁለት ለመለየት የደረሰው ኢነርጂ 0.95 ጁል፣ መበታተን 0.12፣ 20 ዛጎል።» ከሦስት አኃዝ በላይ አትጻፉ። 0.9487 ብሎ የሚጽፍ ሰው መሣሪያውን አልፈተሸም።

## ለዶሮ መኖ ማድቀቅ ለምትፈልጉ

ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወፍጮ አትግዙ። 10 ግራም ዛጎል በ0.95 ጁል ከተሰበረ አንድ ቶን 95,000 ጁል፣ ማለትም 0.026 ኪሎዋት ሰዓት ይመስላል። ግን ለሁለት መክፈል ማድቀቅ አይደለም፤ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር የሚከፈተው አዲስ ገጽ ይበዛል። ለማድቀቅ የቦንድ ቀመር (ማዕድን ለማድቀቅ የሚያስፈልገውን ኢነርጂ የሚገምተው) ይሻላል፦

1. የጥሬውንና የምትፈልጉትን ቅንጣት መጠን በማይክሮሜትር ጻፉ። ልኩ ከክብደቱ 80 በመቶው የሚያልፍበት የወንፊት ቀዳዳ ነው።
2. ለእያንዳንዱ አንድን ለካሬ ሥሩ አካፍሉ። ለ20 ሚሊሜትር 0.0071፣ ለ1 ሚሊሜትር 0.0316 ይመጣል።
3. ልዩነቱን በ10 እና በማዕድኑ የማድቀቂያ ቁጥር አባዙ። ዛጎል ከኖራ ድንጋይ ጋር በማዕድን ስለሚመሳሰል የኖራ ድንጋዩን፣ 11.6 ገደማ፣ ለመነሻ ውሰዱ።

ውጤቱ በቶን 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከላይኛው መቶ እጥፍ። ይህ ለማድቀቂያው ዘንግ የሚደርሰው ብቻ ነው፤ ሞተሩና ቀበቶው የሚያባክኑትን ጨምሩበት። በሰዓት ሁለት ኩንታል ለማድቀቅ በስሌት 0.56 ኪሎዋት ይበቃል፤ እኔ ብሆን ግን ከ1.5 ኪሎዋት በታች የሆነ ሞተር አልገዛም፤ ዛጎል እንደ እህል አይፈስም፣ ተደራርቦ አፉን ይዘጋዋል።

ዛጎሉን ከማስገባታችሁ በፊት በውኃ አርጥቡት፤ የወፍጮውንም በር ዝጉ።